አሥር ሰከንድ በየሳምንቱ

ፉአድን ያወቅኩት እግሬን ተገጭቼ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። አሠሪዬ ማዳም ልጇን ሐናንንና እኔን ሙስካት፣ አል ኹዌር ሰፈር ካለው የልጆች ሮቦት ማሠልጠኛ በር ላይ አውርዳን ወደ ገበያ ሄደች። ሐናን ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እሷ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወደ ክፍል ስትገባ እኔ ኮሪደሩ ላይ ከተደረደሩት ወንበሮች በአንዱ ተቀመጥኩ። እንደኔ ልጅ ይዘው የመጡ ሠራተኞች ነበሩ። ሁለት ፊሊፒናውያን እርስ በርስ ይሳሳቃሉ፤ አንዲት የታንዛኒያ ሴት ስልኳ ላይ አቀርቅራለች። ሐበሻ እኔ ብቻ ነበርኩ።

የክፍሉ በር ገርበብ ብሎ ነበር። በዚያ በኩል ትንሽ ሳህን የምታህል ክብ ሮቦት በሁለት ጎማዋ እየተንከባለለች ወጣች፤ ቀጥ ብላ መጥታም ጫማዬን ገጨችው። ወደ ኋላ አለች። እንደገና መጥታ ገጨችኝ። እግሬን ማንሳት ስችል ዝም ብዬ አየኋት።

«ቆይ አንቺ፣ ምን አደረግኩሽ?» አልኳት፤ ያውም በአማርኛ።

«መንገድ ጠፍቷት ነው። አትቀየሚያት» አለኝ የሆነ ሰው።

ቀና ስል አንድ ቀጠን ያለ፣ ሰማያዊ የሥራ ልብስ የለበሰ ወጣት ሮቦቷን ለማንሳት በርከክ ብሏል። ጣቶቹ ላይ ትንንሽ የቃጠሎ ጠባሳዎች አሉ። አንዱ ልጅ ሂጂ ብሏት ቁሚ ማለት ረስቶ መሆኑን ነገረኝ። ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። ከውስጥ ሲጠሩት ሮቦቷን ታቅፎ ተመለሰ። በቃ፣ ይኸው ነው። አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም።

እኔ ግን ቤት ገብቼ ዕቃ ሳጥብም፣ ልብስ ስተኩስም «አትቀየሚያት» የሚለውን ቃል በልቤ እደጋግመው ነበር። ከሐበሻ ጋር ፊት ለፊት ካወራሁ ስምንት ወር አልፎኝ ነበር።

መሀቡባ እባላለሁ። የሐይቅ ልጅ ነኝ። አሥረኛ ክፍልን ስጨርስ አባቴ ሞተ፤ ታናናሾቼ ከትምህርት እንዳይቀሩ ብዬ ሙስካት መጣሁ። ፉአድን ሳገኘው መዋሌህ ካለው ከማዳም ቤት ሁለት ዓመት ጨርሼ ሁለተኛውን ኮንትራት ጀምሬ ነበር። ማዳም ክፉ ሴት አይደለችም። አትማታም፣ ምግብ አትከለክልም፣ ስታመም ሐኪም ቤት ወስዳኛለች። ግን ገና የገባሁ ቀን ፓስፖርቴን ገልጣ ስሜን ስታነብ መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ፊቷ ጠቆረ። መሀቡባ በእነሱ ቋንቋ «የተወደደች፣ ውዴ» ማለት ነው። ባሌ በገዛ ቤቴ ሌላ ሴት ውዴ ብሎ ሊጠራ ነው ወይ አለችኝ። ከዛሬ ጀምሮ ስምሽ ሰዓዳ ነው፤ ኻላስ፣ አለቀ። ፓስፖርቱን መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችበት። ስሜም አብሮት ተቆለፈ።

ስልኬን በየማታው ታየዋለች። የወንድ ቁጥር ካገኘችበት በማግስቱ አገሬ እንደምትሸኘኝ ነግራኛለች። የምደውለው ለእናቴ ብቻ ነው፤ እሱም አርብ አርብ። በቀረው ቀን ሰዓዳ ውሃ አምጪ፣ ሰዓዳ በሩን ክፈቺ፣ ያላ ሰዓዳ። አንዳንዴ ቤቱ ባዶ ሲሆን፣ እንዳልረሳው ብዬ፣ ስሜን ለራሴ ጮክ ብዬ እጠራው ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጆቹ ለዕረፍት ሲወጡ ያ ሰው መጣ። በእኔና በእሱ መሃል አንድ ባዶ ወንበር ትቶ ቆመ። ፉአድ እባላለሁ፣ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ አለኝ። ስሜን ሲጠይቀኝ ከልማድ የተነሳ ሰዓዳ አልኩት። አነጋገሬ ውስጥ አንድ ነገር ሳይሰማ አልቀረም።

«እናትሽ ያወጣችልሽንስ?»

«መሀቡባ።»

«መሀቡባ» ብሎ ቀስ አድርጎ ደገመው። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። የመኪናው መንገድ ተድበስብሶ ታየኝ።

ፉአድ ኮምቦልቻ ቴክኒክና ሙያ ገብቶ ኤሌክትሪክ ተምሯል። ማሠልጠኛው የቀጠረው ግን ለጽዳት ነበር። ተሰብረው የተጣሉ ሮቦቶችን እየፈታ ሲገጣጥም ስላዩት ጥገናውን ሰጡት። አሁን ጎማ ይቀይራል፣ ባትሪ ይሞላል፣ ክፍል ውስጥም ልጆቹን ያግዛል። አንድ ቅዳሜ የልጆቹን ካርዶች ይዞ መጥቶ ባዶው ወንበር ላይ ደረደራቸው። አንዱ «ቀጥ ብለሽ ሂጂ» ይላል፣ አንዱ «ወደ ቀኝ ታጠፊ»፣ ሌላው ደግሞ «ግድግዳ ካጋጠመሽ»። ልጁ ካርዶቹን በደረደረበት ቅደም ተከተል ሮቦቷ ትሄዳለች። አንዱ ካርድ ቦታውን ከሳተ እሷም መንገዷን ትስታለች።

«ልጆቹ ሮቦቷ ብልህ ትመስላቸዋለች» አለኝ። «እሷ ምንም አታውቅም። የሚያስበው ልጁ ነው። የምናስተምራቸውም ሮቦት መንዳት ሳይሆን፣ ይህን ባደርግ ቀጥሎ ምን ይመጣል ብሎ ማሰብን ነው።»

ከዚያ አንድ ጥያቄ ሰጠኝ። ሮቦቷ አራት ወንበር ዞራ በሩ ጋ እንድትደርስ በስድስት ካርድ ምሪያት አለኝ። በአምስት መራኋት። ሁለት ጊዜ ቆጠረው። ቀና ብሎ አይቶኝ፣ ቦታሽ ክፍሉ ውስጥ ነበር እንጂ እዚህ ወንበር ላይ አልነበረም አለኝ። የሒሳብ አስተማሪዬ አሥረኛ ክፍል ሳለሁ እንዲህ ያለ ነገር ብሎኝ ያውቃል። ከዚያ ወዲህ ማንም አላለኝም።

ዕረፍቱ አሥር ደቂቃ ነው። ከሳምንቱ ሁሉ ሰው የምሆነው በእነዚያ አሥር ደቂቃዎች ነበር። ስልክ ቁጥር ጠይቆኝ አያውቅም። እኔው ስለ ማዳም ነገርኩት። «አብሽሪ፣ አይዞሽ» አለኝ።

በሦስተኛው ወር ልጆቹ ሮቦቶቹን ለቤት ሥራ እንዲወስዱ ተፈቀደ። ቅዳሜ ይወስዳሉ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ይመልሳሉ። ሮቦቷ ድምፅ ትቀዳለች፤ ልጁ አሥር ሰከንድ ይናገራል፣ እሷ መንገዷን ስትጨርስ ትደግመዋለች። ከሆዷ ሥር ደግሞ ለጥገና ብቻ የሚያገለግል ሌላ የድምፅ ቁልፍ አላት። ልጆቹ አያውቁትም። ፉአድ የሐናንን ቦርሳ ሲያቀብለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ቤቱ ባዶ ሲሆን የሆዷን ቁልፍ ተጫኚው አለኝ።

እሑድ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። ሐናን ትምህርት ቤት፣ ማዳምና ባባ የምለው ባሏ ሥራ ናቸው። የሐናንን አልጋ አነጠፍኩና ሮቦቷን ገልብጬ ተጫንኩት።

«መሀቡባ... እንዴት አደርሽ? ትናንት ያደረግሽው ሻሽ አምሮብሽ ነበር። ፊት ለፊት ለመናገር አፍሬ ነው። ደህና ዋይ።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። በዚያ ቤት ውስጥ እንዴት አደርሽ ብሎኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ደጋግሜ ሰማሁት። ምሳ ለማብሰል ዘገየሁ።

ቁልፉን ይዞ በመቆየት እኔም መልስ መቅዳት እችል ነበር። ግን የእኔ ድምፅ ሲገባ የእሱ ይጠፋል። ስለዚህ እስከ አርብ አቆየው ነበር፤ አርብ ጠዋት ለመጨረሻ ጊዜ ሰምቼ እመልሳለሁ። የመጀመሪያ ጊዜ ቃል ጠፋኝ። አሥሩ ሰከንድ በትንፋሼና በልብስ ማጠቢያው ድምፅ አለቀ። ቅዳሜ ፉአድ አፉን ሸፍኖ እየሳቀ፣ ማጠቢያ ማሽንሽ ሰላም ብሎኛል አለኝ። ከዚያ በኋላ የምለውን መጀመሪያ የሳሙና ካርቶን ጀርባ ላይ እጽፍ ጀመር።

ስምንት ሳምንት እንዲህ አወራን። ዋዲ ከቢር ውስጥ ለስድስት በሚከራዩት አንድ ክፍል እንደሚኖር፣ ብቻውን መሆን ሲያምረው ከቤቱ ጀርባ ያለው ድንጋያማ ኮረብታ ላይ እንደሚወጣ ነገረኝ። እኔም ሰው ጠፍቶ ከማቀዝቀዣው ጋር መነጋገር እንደ ጀመርኩ ነገርኩት። አንድ ሳምንት ምንም ሳይናገር የመስጊዱን የአዛን ድምፅ ብቻ ቀድቶ ላከልኝ። በስምንተኛው እሑድ ቁልፉን ተጫንኩ።

«መሀቡባ፣ ሐይቅ ሽማግሌ ልላክ ወይ? ተቻኮልክ ካልሽ እጠብቃለሁ። መሀቡባ... አስቢበት።»

አስቤ ከጨረስኩ ቆይቻለሁ። ግን እንደ ልማዴ እስከ አርብ ላቆየው ብዬ መልሱን ሳልቀዳ ቀረሁ።

ሐሙስ ከሰዓት የማዳም እህቶች ከነልጆቻቸው መጡ። እኔ የፍራፍሬ ትሪ ይዤ ወደ መጅሊሱ፣ ወደ እንግዳ ክፍሉ፣ ስገባ ሐናን ሮቦቷን ምንጣፉ ላይ እያስኬደች ታሳያቸው ነበር። አንዷ ትንሽ ልጅ ሮቦቷን አንስታ ገለበጠቻትና ሆዷን ተጫነች። የፉአድ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ከተናገረው ሁሉ ለእነሱ የገባቸው አንድ ቃል ነው። እሱንም ሁለት ጊዜ ነው የሰሙት። ውዴ። ውዴ።

አንዷ እህት ሳቀች። ማዳም አልሳቀችም። ሮቦቷን ነጥቃ ደግማ ሰማችው። የትልቅ ወንድ ድምፅ፣ በልጇ መጫወቻ ውስጥ። ሐናንን እጇን ይዛ ወደ መኝታ ቤት ወሰደቻት። ይህ ሰውዬ ምን ብሎሻል፣ ነክቶሻል ወይ እያለች ስትጠይቃት በበሩ በኩል ይሰማኛል። ሐናን ምንም ስላልገባት ፈርታ አለቀሰች። እናቷ ለቅሶውን እንደ መልስ ቆጠረችው።

ትሪውን እንደ ያዝኩ ኮሪደሩ ላይ ቆሜያለሁ። የሚበቃው አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር። ስሜ ነው ማለት ብቻ። አልዋሻችሁም፣ አፌን ከፍቼ ነበር። ግን በዓይኔ የመጣው የአውሮፕላን ትኬት፣ የእናቴ ፊት፣ በወንድ ምክንያት ተባረረች የሚለው ወሬ ነው። ማታ እናገራለሁ አልኩ። ማታ ደግሞ ነገ አልኩ።

ባባና ማዳም ያኔውኑ ማሠልጠኛው ሄደው ተመለሱ። ሲያወሩ ሰማሁ። ድምፁ የጥገናው ሰውዬ መሆኑ ወዲያው ታውቋል፤ እሱ ግን የድምፅ ሙከራ ነው ከማለት በቀር አንድ ቃል አልተናገረም። ለማን ነው ቢሉት፣ ምን ማለት ነው ቢሉት ዝም። እዚያው አባረሩት። የባባ ወንድም ጠበቃ ነው፤ እሑድ ጠዋት ከሶሐር ሲመጣ አብረው ፖሊስ ጣቢያ ሄደው ሊከሱት ተስማሙ። ፉአድ ስሜን ቢናገር ነጻ ይወጣ ነበር። እኔን ላለማስባረር ብሎ ያን የመሰለ ጥርጣሬ ተሸክሞ ወጣ።

አርብ ዝም አልኩ። ቅዳሜም ዝም አልኩ። ቅዳሜ አሥር ሰዓት፣ ድሮ ክፍል በምትገባበት ሰዓት፣ ሐናን ወጥ ቤት መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ሁለት ቀን በደንብ አልበላችም።

«ሰዓዳ» አለችኝ፣ «ያጠፋሁት እኔ ነኝ?»

እኔ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በራሴና በፉአድ መሃል ያለ ነገር ይመስለኝ ነበር። ልጅቷን አቅፌ አንቺ ምንም አላጠፋሽም አልኳት። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እሑድ ጠዋት ባባ ነጭ ዲሽዳሻውን ለብሶ፣ ቆቡን አድርጎ፣ ቁልፉን ይዟል። ወንድሙ ቆሞ ይጠብቀዋል። በሩ ፊት ሄጄ ቆምኩ።

«ባባ፣ አትሂድ። ያ ቃል ስሜ ነው። ሰውየው የጠራው እኔን ነው።»

ማዳም ውሸትሽን ነው አለች። ያንን ሰው ለማዳን ነው አለች። መሳቢያውን ከፍተሽ ፓስፖርቴን እይው አልኳት። በሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ውስጥ እንዲህ ተናግሬያት አላውቅም። ሄደች። ፓስፖርቱን ገልጣ ስትመጣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ታነበዋለች። ያንን ስም የሻረችው ራሷ ነበረች፤ ረስታዋለች። ባባ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ኻላስ አለ። ወንድሙም እንግዲህ ክስ የለም ብሎ ተቀመጠ። ማዳም ሳታየኝ አልፋኝ ሐናን ክፍል ገባች። እናትና ልጅ ሲላቀሱ ሰማሁ።

ትኬቴን ጠበቅኩ። አልመጣም። በአራተኛው ቀን ማዳም ጠራችኝና ኮንትራትሽን ጨርሺ፣ ከእንግዲህ ግን ማሠልጠኛው ጋ አትሄጂም፣ ስልክሽም እኔ ጋ ይሆናል፣ አርብ ለአንድ ሰዓት ትወስጃለሽ አለችኝ። ለማሠልጠኛው እውነቱን ንገሪልኝ ብዬ ለመንኳት። እፊቴ ደወለች። በሰውየው ቦታ ሌላ ቀጥረዋል፤ እሱም ከተባረረ ቀን ጀምሮ የት እንዳለ አይታወቅም፣ ስልኩም አይሠራም አሏት።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ጊዜ እንዴት ልንገራችሁ? ድሮም ብቻዬን ነበርኩ፤ ግን የማጣው ነገር አልነበረኝም። አሁን ቅዳሜ አሥር ሰዓት ሲሆን የያዝኩትን ሥራ አቆማለሁ። ሐናንን እናቷ ትወስዳታለች። እኔ ባዶ ቤት ውስጥ ቆሜ ያን ኮሪደር አስባለሁ። አገሩ ተመልሶ ይሆናል እላለሁ። ተቀይሞኝ ይሆናል እላለሁ፤ ቢቀየመኝም አልፈርድበትም። ማዳም ደግሞ ከዚያ እሑድ ወዲህ በስም መጥራቷን ተወች። ሰዓዳም አትለኝም፣ መሀቡባም አትለኝም። «ስሚ» ትለኛለች፣ ወይም በሐናን በኩል ታዘኛለች። አሥራ አንድ ወር ያለ ስም ኖርኩ።

የዒድ ማግስት ወጥ ቤት ገባች። ጎመን እከትፍ ነበር። ከኋላዬ ቆማ «መሀቡባ» አለችኝ። ቢላዋውን አስቀምጬ ዞርኩ። ከእንግዲህ አርብ ያንቺ ነው፣ ከጠዋት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ስልክሽንም ያዢ አለችኝና ፈጥና ወጣች። ምን አስባ እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም።

በመጀመሪያው አርብ በአውቶቡስ ሩዊ ወረድኩ፣ ከዚያ በእግሬ ዋዲ ከቢር ገባሁ። የማውቀው ኮረብታ ሥር እንደሚኖር ብቻ ነው። ክፍት ያገኘሁትን ጋራዥ ሁሉ እየገባሁ ፉአድ የሚባል ሐበሻ ታውቃላችሁ ወይ እላለሁ። ማፊ፣ የለም ይሉኛል። ሁለተኛው አርብም ማፊ፣ ሦስተኛውም ማፊ። ፀሐዩ ሲከብደኝ ሐምሪያ ውስጥ ፋጤ የምትባል የደሴ ሴት ቤት ገብቼ አርፋለሁ። ፋጤ ቢሮ ታጸዳለች፤ አርብ አርብ አንዲቷ ክፍሏ መሄጃ ለሌለን ሴቶች ሁሉ ክፍት ናት። በአራተኛው አርብ ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የምትዞሪ ብላ ያዘችኝ። ነገርኳት። ምን ዓይነት ሰው ነው አለችኝ። ጣቶቹ የቃጠሎ ጠባሳ አላቸው፣ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል አልኳት።

«ሲስቅ አይቼው አላውቅም» አለች ፋጤ። «ጣቱ ላይ ግን ጠባሳ ያለው አንድ ልጅ አለ። ሞተር ይጠግናል። ከሰው አይቀላቀልም። ስሙ ግን ሙሄ ነው።»

ከአስር ሶላት በኋላ ወሰደችኝ። አንድ በሩ በግማሽ የተዘጋ ወርክሾፕ ውስጥ ጎንበስ ብለን ገባን። የመዳብ ሽቦ እየጠመጠመ ቁጭ ብሏል። ከስቷል፣ ጺሙ አድጓል። ቀና ብሎ ሲያየኝ አልተነሳም። ያየው እኔን ሳይሆን ከኋላዬ ያለውን በር ነው።

«ብቻሽን ነሽ?» አለኝ።

«ከፋጤ ጋር ነኝ።»

«ሌላ ሰው የለም?»

ያኔ ነው የገባኝ። ሲያባርሩት፣ በልጅ ላይ ባደረግኸው ነገር ፖሊስ ይፈልግሃል ብለውታል። በዚያው ምሽት ክፍሉን ትቶ ወጣ። ስሙን ቀየረ፣ ስልኩን ጣለ፣ መኖሪያ ፈቃዱም አለፈበት። አንድ ዓመት ሙሉ ዋናውን መንገድ ተሻግሮ አያውቅም። ለእናቱ እንኳ ያለበትን አልነገረም። እስር አልነበረም ያስፈራው፤ ያቺ «በልጅ ላይ» የምትለዋ ናት።

«ክስ የለም፣ ፉአድ» አልኩት።

«ምን አልሽ?»

«አልከሰሱህም። እሑድ ጠዋት ሳይሄዱ ነገርኳቸው። ስሜ ነው አልኳቸው። ፓስፖርቴን አይተው አመኑ። አንድም ሰው አይፈልግህም።»

ሽቦው ከእጁ ተፈትቶ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። እንደገና ንገሪኝ አለ። እንደገና ነገርኩት። ለሦስተኛ ጊዜም ጠየቀኝ። ከዚያ በዘይት በቆሸሹ እጆቹ ፊቱን ሸፍኖ አለቀሰ። ፋጤ ቀስ ብላ በሩ ጋ ሄዳ ቆመች።

ጸጥ ካለ በኋላ የምፈራውን ተናገረ። «እኔን ያባረሩኝ ሐሙስ ነው።»

«አዎ።»

«የተናገርሽው እሑድ።»

«ፈርቼ ነው» አልኩት። ሌላ ምክንያት አልጨመርኩም፤ ሌላ ምክንያትም አልነበረኝም። የተፈታውን ሽቦ ከወለሉ ሰበሰበ። እሱ ተነሺ ውጪ ቢለኝ ልወጣ ተዘጋጅቼ ነበር።

«እኔም ፈርቼ ነው» አለኝ በመጨረሻ። «አንድ ጊዜ ሰው ልኬ ባስጠይቅ ኖሮ ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር። አንቺ ሦስት ቀን ፈራሽ። እኔ ዓመት ፈራሁ።»

አጠገቡ ካለው አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ዓመት ሙሉ በሆዴ የያዝኩትን መልስ ሰጠሁት። «ሽማግሌውን ላክ» አልኩት።

በዚያ ሰሞን ፈቃዳቸው ያለፈባቸው ሰዎች ያለ ቅጣት አገራቸው እንዲገቡ የምሕረት ጊዜ ተሰጥቶ ነበር። ፉአድ ሊጠቀምበት የሚችለው ከወጣ ብቻ ነው። ለእኔ ደግሞ ከኮንትራቴ ስድስት ወር ይቀረኛል። አብሬው ልሂድ ብዬ ነበር፤ እሱ በእኔ ምክንያት ቤታቸውን ጥለሽ አትውጪ፣ በሰላም ጨርሰሽ ነይ አለኝ። አጎቱ ከኮምቦልቻ ሐይቅ ሄዶ እናቴን አነጋገረ። አባቴ ስለሌለ አጎቴ በስልክ ወሊዬ፣ ዳሪዬ ሆነ። ኒካሃችን በአንድ አርብ ፋጤ ክፍል ውስጥ ታሰረ፤ ሸኹ እዚያው ዋዲ ከቢር የሚሠራ የወሎ ሽማግሌ ነበር። ማዳም ሁለት ሰዓት ጨምራልኝ፣ አንድ ብልቃጥ የጽጌረዳ ውሃም አስያዘችኝ። ከባሌ ጋር በዘጠኝ ሴቶች መሃል ፍራሽ ላይ ተቀምጠን ሩዝ በላን። እጄን የያዘው ደረጃው ላይ ሲሸኘኝ ነው። ከዚያ አውቶቡሱ መጣ።

የሄደው በማክሰኞ ነው። የሥራ ቀን ስለሆነ አልሸኘሁትም። መዋሌህ ለአውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ ነው። ሰገነቱ ላይ ልብስ እያሰጣሁ ሳለ ሦስት አውሮፕላኖች ተከታትለው ተነሱ። እሱ በየትኛው እንዳለ አላወቅኩም። ለሦስቱም ደህና ግባ አልኩ።

ስድስቱ ወር እንደ ሌላው ጊዜ አልነበረም፤ ግን ብቸኝነቱ ቀረልኝ ብል ውሸት ነው። ባል አለኝ፣ አጠገቤ የለም። በስልክ እንነጋገራለን፣ ስልኩ ሲዘጋ ክፍሌ ከድሮው ይበልጥ ጠባብ ይሆንብኛል። ኮንትራቴ ሲያልቅ ማዳም ፓስፖርቴን በእጇ ሰጠችኝ። ሐናን አንገቴን አቅፋ አልለቅም አለች። ከዚያ ቤት የናፈቀኝ ሰው እሷ ብቻ ናት።

ኮምቦልቻ የደረስኩት ረፋድ ላይ ነው። ፉአድ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ ቆሟል። አልተቃቀፍንም፤ አፍረን ሻንጣውን ለመያዝ ተሻማን። ወደ ሐይቅ የሚሄደው ሚኒባስ እስኪሞላ ድረስ መናኸሪያው ዳር ካለች ሻይ ቤት ገባን። ሰው የለም። ያን ጊዜ ነው የታወሰኝ፣ ከዚህ ሰው ጋር ብቻችንን ተቀምጠን አናውቅም። አስተናጋጇ ስትመጣ ሁለት ሻይ አዘዘ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ግራ ተጋባ።

«ስኳር ታበዢያለሽ?» አለኝ።

ባሌ ነው። ከተጋባን ስድስት ወር አልፎናል።

«ሁለት ማንኪያ» አልኩት። «አንተስ?»

«እኔ ያለ ስኳር ነው።»

ከዚያ ሌላ ጠየቀኝ፣ እኔም ጠየቅኩት። ክረምት እወዳለሁ ወይስ በጋ። ጠዋት ስነሳ እነጫነጫለሁ ወይ። ወደ ሐይቅ የሚሄደው ሚኒባስ ሞልቶ ረዳቱ ሲጣራ ፉአድ በመስኮቱ አየው፣ ከዚያ እኔን አየኝ።

«የሚቀጥለውን እንጠብቅ?»

«እንጠብቅ» አልኩት።